ከወንዙ የወጡት አምባዛዎች

ያን ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ጢም ነው። ደፉ ላይ ክንድ የሚያህል አምባዛ ዓሣ በሆዱ ተኝቶ ጢሙን ያወዛውዛል። አልሞተም። ከኋላው ሌሎች አሉ። ከአቃቂ ወንዝ ተነስተው፣ የቆስጣ መደባችንን አቋርጠው፣ በጎን ክንፋቸው አፈሩን እየቧጠጡ ወደ ጓሯችን ኩሬ ይሳባሉ። ክረምት ላይ አንድ ሁለት አምባዛ መሬት ለመሬት ሲሄድ አይቻለሁ፤ ይሄን ያህል፣ ያውም በደረቅ ጥር፣ አይቼ አላውቅም።

ባሌ ጂራታ አያቸውና ሳቀ። ሰውየው በሁሉም ነገር ይስቃል፤ ያገባሁትም ለዚያ ነው፣ የሚያናድደኝም እሱው ነው። ኩሬው ለላሟና ለችግኙ ያጠራቀምነው የዝናብ ውሃ ስለሆነ እንዲያደፈርሱት አልፈለገም። በማዳበሪያ እየሰበሰበ ወደ ወንዙ ሊመልሳቸው ተነሳ።

አማቴ እማማ አደሴ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «ተው ልጄ! ጅብ ያባረራት ሚዳቋ ደጃችን ብትገባ አባትህ ሦስት ቀን አስጠለላት እንጂ አልነካትም። ደጅ የገባ አይመለስም።»

«እማዬ፣ ያቺ ሚዳቋ ናት። ዓሣም ይማጸናል እንዴ?»

ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ወስዶ ወንዙ ውስጥ ደፋቸው። ሦስተኛውን ሲሞላ የመጀመሪያዎቹ ተመልሰው መጡ። እነሱ መሆናቸውን ያወቅሁት አንዱ ጢሙ የተቆረጠ ስለነበር ነው።

«ጂራታ፣ ዛሬ ወንዝ አትግባ» አልኩት። በየጠዋቱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የውሃ ሞተሩን ቱቦ ከዘጋው ፌስታል ያጸዳል።

«ቆስጣው ምን ይጠጣ? ምራቅሽን?»

«ይድረቅ! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሱሪውን ጠቀለለ።

ተከተልኩት። የወንዙ ቀለምም ሽታውም የወትሮው ነበር። ሁልጊዜ ውሃው መሃል የሚቆሙት ወፎች፣ አባ ኮዳዎችና ነጫጭ ሳቢሳዎች፣ ግን በሙሉ ቆስጣው ላይ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ቆመዋል። አጠገባቸው ሳልፍ እንኳ አልበረሩም። ጂራታ ገባ። ጮህኩ፤ እጁን አወዛወዘልኝ። ፌስታሉን መዝዞ ጥሎ ምንም ሳይሆን ወጣ።

«አየሽ? በላኝ?» አለ።

እፎይ ብዬ በራሴ እየሳቅሁ ፎጣ ላመጣለት ቀደምኩ።

ጂራታ ጓሮው ሲገባ አምባዛዎቹ ቆሙ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ዞሩ፤ ከወንዙ እንደሸሹ ሁሉ አሁን ከእግሩ እየሸሹ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ግድግዳው ሥር ተከመሩ። በእጁ ያሳደጋት ላም ገመዷ እስኪወጠር ወደ ኋላ ሳበች። እማማ አደሴ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ጂራታ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። ቁልቁል እግሩን አየ። እኔም አየሁ። ከውሃ በቀር ምንም የለበትም። ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ ቢራመድም ውሃው ግን አልደረቀም፤ አልተንጠባጠበምም።

«ዳሲቱ፣ ፎጣውን አቀብይኝ» አለ። ድምፁ የራሱ ነው። እጁን ዘረጋ።

አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ትራስ የተጋራሁት ሰው ነው፤ እወደዋለሁ። ልሰጠው ፈለግሁ። ወደ ኋላ እየሄድኩ እንደነበር ያወቅሁት ጀርባዬ ግድግዳውን ሲነካ፣ ተረከዜ ሥር አምባዛዎቹ ሲላወሱ ነው። አፈርኩ። ጂራታ ከአምባዛዎቹ ጋር መቆሜን አየና የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

ፎጣውን ወረወርኩለት። እግሩ አጠገብ ወደቀ፤ አላነሳውም።