ሐሳቧን ቀይራለች

ሴና ቶኩማ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትማረውን ለመምረጥ ዓመት ፈጅቶባታል። ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ የብድር ጥያቄ በሚመረመርበት ክፍል ትሠራለች። ብድር የጠየቀው ድርጅት ብድሩን ይመልሳል ወይስ አይመልስም ብሎ ማመዛዘን የእሷ ሥራ ነው፤ ግን ከላይ በተሰጣት ቀመር ቁጥር እያስገባች መልሱን ታስተላልፋለች እንጂ ቀመሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚነግራት አላገኘችም። ቢዝነስ አስተዳደር እንድትማር የመከሯት ብዙዎች ነበሩ፤ ቢሮ ውስጥ እሱን ያልተማረ ስለሌለ ተወችው። አካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚያስተምር አንድ የግል ኮሌጅም ሄዳ ነበር። ስለ አስተማሪዎቹ ስትጠይቃቸው ስለ ምርቃት አዳራሹ ነገሯት።

በመጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲውን የማታ የፋይናንስ ትምህርት መረጠች። ሒሳቡ ይበዛል፣ ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ያቋርጠዋል ይባላል። እሷን የሳባትም ይኸው ነበር። የመግቢያ ፈተናውን አለፈች። የቀራት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው።

ጥሪው ግን ቀረ። ዛሬ ይደውላሉ፣ ነገ ይደውላሉ ስትል ቆይታ፣ አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ነጅማ «የአክስቴ ልጅ እኮ ተጠይቃ ጨረሰች» ስትላት ከአለቃዋ ፈቃድ ለምና ወደ ዩኒቨርሲቲው በረረች።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ስሟን ስትሰማ ቀና አለች። «አንቺ ነሽ እንዴ? ትተሽዋል ብዬ!»

«ማን አለ?»

«ስልክሽ ዝግ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ብለሽ ያስመዘገብሽው ቁጥር ላይ ደወልኩ። ባለቤቷ ነኝ ያለ ሰው አነሳውና ሐሳቧን ቀይራለች፣ ሌላ ቦታ ተመዝግባለች አለኝ። አመስግኖ ነው የዘጋው፤ ጨዋ ሰው ነው።»

ሴና ባል የላትም። ያላት እጮኛ ነው፤ ቤካ ይባላል። ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ስትሳፈር ስልኳን የተሰረቀች ሰሞን ለዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ቁጥር ብላ የሰጠችው የእሱን ነበር። የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ ባንኩ ተመለሰች።

ቤካ እዚያው ባንክ፣ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ከሕንፃው ጀርባ ካለው ምግብ ቤት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ምሳ ሲበላ አገኘችው።

«ስልኬ የጠፋ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ደውሎልህ ነበር?»

የጠቀለለውን ጎርሶ አላመጠ። «ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«ሴኑ፣ ቁጭ በይ እስቲ። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! ምን ብለህ መለስክላቸው?»

ጓደኞቹ እጃቸውን ለመታጠብ ተነሡ። ቤካ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሁለታችን ብዬ ነው። ማታ ስትማሪ አምሽተሽ፣ ከዚያ ሒሳብ ስትሠሪ ልታድሪ ነው። ትዳሩ መቼ ነው? ያንን ኮሌጅ አነጋግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንማራለን፣ አብረን እንመረቃለን። የመመረቂያ ጽሑፉን ደግሞ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ የሁለታችንንም ባንዴ ትጨርሽዋለሽ። ርዕሱን ትንሽ ለወጥ ማድረግ ነው።»

ይህን ሲል ፈገግ አለ። ሴና ያን ፈገግታ ስታይ አንድ ነገር ገባት። የመግቢያው ፈተና ቀን ለሥራ ወደ አዳማ እሄዳለሁ ብሏት ነበር፤ የእሱ ክፍል ግን ለሥራ አዳማ ሰው ልኮ አያውቅም።

«አዳማ አልሄድክም» አለችው። «ተፈትነሃል። ወድቀሃል።»

ቤካ ውኃውን አንሥቶ ጠጣ።

«ወድቀህ እኔን ልትጥል ነው? ለመውደቅህ እኔ ምን በድዬህ ነው? ብትነግረኝ አስጠናህ ነበር እኮ! አፍ የለህም? ለማያውቁህ ሰዎች ባሏ ነኝ የሚል አፍ ከየት መጣልህ?»

«አትጩሂ።»

«እጮሃለሁ!»

ቀለበቷን ልታወልቅ ሳበችው። አልወጣም። ጠመዘዘችው፣ ጣቷ ቀላ፣ ቀለበቱ ንቅንቅ አልል አለ። ይኼም ተጨምሮ አበገናት። «ቤት በሳሙና አወልቄ እልክልሃለሁ» ብላው ወጣች። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ መንገድ ለቀቀላት።

ጌጃ ሰፈር እቤቷ ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ እንዳለች የሠርግ ጥሪ ወረቀት ናሙና ዘርግታ እየመረጠች ነበር። ሴና የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። እንዳለች ግን አልደነገጠችም።

«እሱስ ያለ ምክር አላደረገውም» አለች ወረቀቱን እያጠፈች።

«ምን ማለት ነው?»

«እኔንም ጠይቆኛል። ማታ ማታ እንዳትንከራተት ብሎ። ወንድ ልጅ ለሚስቱ ቢያስብ ጠላት ይባላል?»

ሴና ቤካ ላይ የጮኸችው ጩኸት ሁሉ አለቀባት። «አንቺ ታውቂ ነበር? በየቀኑ ደወሉ ወይ እያልሽ ስትጠይቂኝ?»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ሽማግሌ ተቀብለን፣ ቀን ቆርጠን! ነገ ጎረቤቱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

አባቷ ቶኩማ ከግቢው በር ጎን ብረት ከሚቀርጽበት ቶርኖ ቤቱ ድምፃቸውን ሰምቶ ገባ። ሁለቱንም አዳመጠ፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ እሱ ብቻ ያላወቀው ነገር እንዳለ ገባው። «ሽማግሌ የላከው ወደ እኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «መልሱንም እኔ እሰጠዋለሁ።»

«አይ አባዬ፤ መልሱን እኔው ሰጥቼዋለሁ።»

በማግስቱ እንደገና ዩኒቨርሲቲው ሄደች። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዝርዝሩ ተዘግቷል ብሎ ሸኛት። ከእሱ በላይ ወዳሉት ወደ ዲኑ፣ ወደ ዶክተር ወልደ ሚካኤል ቢሮ ወጣች። ስብሰባ ላይ ናቸው አሏት። ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ወንበር ሲሰጧትም አልተቀመጠችም።

ዲኑ ጉዳዩን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። «አዝናለሁ ልጄ። ግን እኛ የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አንገባም።»

«የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም፣ ዶክተር። ያመለከትኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ መልስ የተቀበላችሁት ከሌላ ሰው ነው። እኔ ባንክ ነው የምሠራው። የአንዲትን ደንበኛ የብድር ጥያቄ ባሏ ነኝ ያለ ሰው ደውሎ ትታዋለች ቢለኝና ብሰርዘው እባረራለሁ። እርስዎ ቤት ግን ጨዋ ሰው ነው ተባለ!»

ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ለራሷም ተሰማት። ይቅርታ አልጠየቀችም። ዲኑ መነጽሩን መልሰው አደረጉና ስልክ አነሡ።

ጠያቂው ኮሚቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀመጥ ሴናም ተጠራች። መስታወት ፊት ቆማ ያጠናችው ማማለያ ንግግር ነበራት፤ «ፋይናንስን ለምን መረጥሽ?» ሲሏት ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አንዲት ሴት ቆዳ እያለፋች ቦርሳ ትሠራለች። ገበያዋ የታወቀ ነው። ብድር ጠየቀች፣ ቀመሩ አይሆንም አለ፣ ከለከልኳት። ሥራ ፈት ለሆነ የአስመጪ ልጅ ግን ያው ቀመር ይሁን አለ፣ ፈቀድኩ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቀመሩ የማንን ልክ ይዞ እንደተሰፋ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጥሩ ከሆነ ልመንበት፤ ካልሆነም የት ላይ እንደተሳሳተ በሒሳብ ላሳይ። ይህን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምረኝ አላገኘሁም።»

ከጠያቂዎቹ አንዷ የሆነ ነገር ጻፈች። ሌላው «ልታገቢ ነው እንዴ?» አላት ጣቷን እያየ፤ ቀለበቱ ከወጣም በኋላ ነጩ መስመር አልጠፋም ነበር። «እሱን ወንዶቹንም ጠይቃችኋል?» አለች። ሰውዬው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ስሟ በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ወጣ፤ ከተመረጡት አንድ ሰው ሲቀር ገባች።

ሠርጉ ቀረ። እንዳለች ልጇን ማነጋገር ተወች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት «ትምህርት በልጦባት» ትላለች፣ በሽታ እንደያዘው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ። ቶኩማ ደግሞ ምሽት ላይ ልደታ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ይጠብቃታል። የሚያወሩት ጥቂት ነው። ቤካን ሊፍት ውስጥ ስታገኘው በደረጃ ትወጣለች፤ ፈርታው ግን አይደለም፤ አብራው ብትቆም የምትናገረውን ስለምታውቅ ነው።

ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ያሰብሽውን አገኘሽ፣ አሁን ይቅር በይው» ይላታል። ደስታው ገና አልመጣም። የመጀመሪያው ትምህርት ቀን አስተማሪው ግማሽ ሰሌዳ ሞልቶ እስኪጽፍ አንድም ቃል አልሰማችም፤ ሐሳቧ «ደወሉ ወይ?» እያለች ስትጠይቃት በነበረችው እናቷ ፊት ላይ ተቸንክሮ ነበር። ከዚያ አስተማሪው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ።

ሴና እጇን አወጣች።