የሚረገጠው ግድግዳ

ሁሉንም መስመር እየዞሩ የሚሄዱ ሰዎች ያንን አንዱን ብቻ ለምን ይረግጡታል?

ኢንጂነሯ ከድንጋይ ክምሩ ላይ ቆማ ራሷን ይህን መጠየቅ ከጀመረች ሰዓት አልፏል። ከፊቷ፣ በተጠረገው መሬት ላይ፣ የሕንፃው ምድር ቤት በነጭ ኖራ በልኩ ተስሏል፤ አሥራ ሁለት ቤት፣ አንድ ኮሪደር፣ አንድ ደረጃ። ግድግዳ የሚባለው የሦስት ጣት ስፋት ያለው መስመር ነው፤ በር የሚባለው ደግሞ መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ። ጠንከር ያለ ነፋስ ቢነሳ ሕንፃው በሙሉ ይበናል። ሰዎቹ ግን ከማለዳ ጀምሮ እየኖሩበት ነው።

የቤት ሠሪ ማኅበሩ አባላት ሠላሳ ስድስት ቤተሰብ ናቸው። «አልጋችሁንና የምትሠሩበትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ» ተብለው ነበር፤ ይዘው መጡ። የላይኞቹ ሁለት ፎቆች የታችኛው ግልባጭ ስለሆኑ በየተራ እየገቡ ነው የሚሞክሩት። አሮጊቷ አጣቢ ጫማቸውን ከሌለው ደፍ ውጭ አውልቀው ገቡ። ፍራሽ ሠሪው ከጎናቸው ካለው ቤት ቆሞ፣ መስኮት ነው በተባለው ቦታ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ይቅርታ እማማ፣ መስኮቱን ክፍት አገኘሁትና ነው።»

«መጋረጃ እስክሰቅል ዓይንህን ወደዚያ!» አሉት አጣቢዋ፣ ከምራቸው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ።

ኢንጂነሯ ዘዴውን የተማረችው ሩቅ አገር ነው። እዚያ መስመሩ ማጣበቂያ ፕላስተር፣ መሬቱ የሞቀ አዳራሽ፣ ነዋሪዎቹ ደግሞ ነዋሪ መስለው የሚተውኑ ተማሪዎች ነበሩ። ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከተማረችው ብዙው እዚህ ሲደርስ እንደ ተዋሰችው ልብስ ወይ ሲሰፋት ወይ ሲጠባት አይታለች፤ ይህኛውም መሳቂያ እንዳያደርጋት ፈርታ ነበር። አላደረጋትም። ሰዎቹ ከጠበቀችው በላይ ግድግዳዎቿን አከበሩላት። ሁለት ሰዎች በኮሪደሩ ሲገናኙ አንደኛው ጎኑን ይሰጣል እንጂ መስመር አይረግጥም። የማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ፣ ዱላቸውን ይዘው ሲዞሩ፣ በየበሩ ጎንበስ እያሉ ነበር የሚገቡት።

ያ አንዱ ግን ተረገጠ። የማዕዘኑ ቤት የጎን ግድግዳ።

መጀመሪያ ኖራው ቀጥኖ ነው ብላ አስባ ባልዲውን አንስታ ደገመችው። አሁን ከሩቅ የሚያበራ ወፍራም መስመር ሆነ። አጣቢዋ ሳፋቸውን ተሸክመው በላዩ አለፉ። ቀጥሎ ፍራሽ ሠሪው ጥጡን ታቅፎ አለፈ። ከዚያም ጫማ ጠጋኙ፣ ሙጫ የተቀባ ሶል በሁለት እጁ እንደ ትኩስ ሳህን ይዞ፣ ረገጠው።

«እማማ፣ በግድግዳ እኮ ነው ያለፉት» አለቻቸው ወርዳ።

«የቱ ግድግዳ?» ዝቅ ብለው እግራቸውን አዩ። ነጭ ሆኗል። «ውይ፣ ይቅር በይኝ ልጄ፤ እኔን ዓይኔን!» አሉ ከልባቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግመው አለፉበት።

ቤቱ ባዶ ስለሆነ ይሆን? የማዕዘኑ ቤት ዛሬ አልጋ ያልገባበት ብቸኛው ቤት ነበር። ወንበር አምጥታ መሃሉ ላይ አኖረች፤ ሰዎቹ ወንበሩን ዞረው መስመሩን ረገጡ። በመጨረሻ መጠየቁ ሰለቻት። አጣቢዋ የጨመቁትን አንሶላ ከቦኖው ሥር ሳፋ ሞልተው ሲነሱ ቀድማ አነሳችው።

«ስጡኝ እማማ። ወዴት ነው?»

«ወደሚደርቅበት ነዋ፣ ወዴት ይሆናል?»

እርጥብ አንሶላ እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም። ሳፋውን ሆዷ ላይ አስደግፋ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ፣ እግሯን ሳታይ ሄደች። ከባድ ነገር የያዘ ሰው መንገድ አይመርጥም። ፊቷን ሙቀት ሲነካው ቆመች፤ ሳፋውን አወረደች፤ ዞር ስትል የራሷ ጫማ ዱካ የራሷን ግድግዳ መሃል ለመሃል ቆርጦት አየች።

ቀና አለች። ፀሐይ እዚህ ብቻ ነበረች። በስተጀርባ ያለው የመጋዘን ግንብ የቀረውን ቦታ እስከ ቀትር ድረስ ያጠላበታል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የሚሠራው ሕንፃ ራሱ ያጠላል። ይህ ማዕዘን ብቻ ነው ከጠዋት እስከ ማታ ብርሃን የሚያገኘው። አንሶላው ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጥጡ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የጫማው ሙጫ፣ የአናጢው ቫርኒሽ ፀሐይ ይፈልጋሉ። እሷ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ወንበር የሚይዝ በረንዳ ስላ ነበር።

የበለጠ ያፈረችው ግን በሌላ ነው። እንደተመለሰች የመጀመሪያ ሥራዋ፣ ከታችኛው ሰፈር ተነስተው ረጃጅም ሕንፃ ላይ ቤት ያገኙ ሰዎችን ማጥናት ነበር። ግማሾቹ ቤታቸውን አከራይተው፣ በሸንበቆ የታጠረ ጓሮ ፍለጋ ወደ ድሮው ጎጆ ተመልሰዋል። «ቤቱ ምን ይወጣለታል? ግን ሥራ አያስገባም» ነበር ያለቻት አንዲት ሸክላ ሠሪ። ይህን ቃል በጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ራሷ ጽፋዋለች። ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አስጠርዛ፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ያንኑ ሕንፃ አሳጥራ ሳለችው።

መድኃኒቱን ወዲያው አወቀችው። የማዕዘኑ ቤት ቤት መሆኑ ይቀራል።

የማዕዘኑ ቤት ግን የእሷ ነበር። የእናቷ ነበር ቢባል ይሻላል። እናቷ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት ከስብሰባ ሳትቀር ጠብቃ፣ መሬቱ ሳይገኝ ሞተች፤ ቦታዋ ወደ ልጇ ዞረ። ባለፈው ወር ዕጣ ሲወጣ የማዕዘኑ ቤት ለእነሱ ደረሰ። አጣቢዋ እልል ብለው «እናትሽ ናት እጇን ሰድዳ ያወጣችው!» አሉ። ሊኖርበት የተዘጋጀው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከከተማ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ዝናብ በሚያስገባ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የዕጣው ዕለት ደውሎላት ነበር።

«ልጆቹ መስኮቱ በየት በኩል ነው እያሉ ወጥረው ይዘውኛል።»

«ፀሐይ በምትወጣበት በላቸው።»

ሳቀ። «አንቺ እንደሆንሽ ሻንጣሽን እንኳ በወጉ አልፈታሽም። ቤቷ የእኔ ናት፣ ተስማማን?»

ተስማምተው ነበር።

እንደ ባለሙያ ብዙ ተፍጨረጨረች። ከየቤቱ አንድ ክንድ ቀንሶ ቦታ ማውጣት? ዛሬ ጠዋት የፍራሽ ሠሪው አልጋ በገባበት ቤት ሰው በጎን ነበር የሚያልፈው። ጣሪያው ላይ? እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ጉልበት የለም። አንድ ፎቅ መጨመር? አይፈቀድም። መቆየት? ሥዕሉ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መሬት ቢሮ ካልገባ ቦታው ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ማኅበር ይሄዳል። ወደ ወንድሟ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። ወንድሟ መሪ ይዞ ስልክ አያነሳም፤ ይህን ጠባዩን ሁልጊዜ ታከብርለት ነበር። ሦስተኛው ጥሪ ተቋርጦ ሲያበቃ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። አውቶቡሱ የሚደርሰው ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ነው።

አባላቱን በየአልጋቸው ጫፍ አስቀምጣ ነገረቻቸው። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ማንም ምንም ቢናገር «በቃለ ጉባኤ ይያዝ» ስለሚሉ ከኋላቸው «ጋሽ ቃለ ጉባኤ» ይባላሉ። ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዳመጡ።

«ውኃው በዚህ ይገባል» አለች በእጇ እያሳየች። «ገመዱ እዚህ ይዘረጋል። ጥጡ እዚያ ይነደፋል። ለአናጢውና ለጫማ ጠጋኙ ክዳን ይኖረዋል። የሁላችሁም ደንበኛ በአንድ በር ይገባል፤ አንሶላ ሊያሳጥብ የመጣ ፍራሹንም ያሳድሳል። ይህ ካልተሠራ ግን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሻችሁ ቤታችሁን አከራይታችሁ ትወጣላችሁ።»

«ልክ ናት» አለ ጫማ ጠጋኙ።

«ልክስ ልክ ናት» አለ ፍራሽ ሠሪው። «ሠላሳ አምስት ቤት መሆኑ ነው። እሺ፣ ጀግናው ማን ነው?»

የሳቀ የለም። ሁሉም የየራሱን የኖራ ግድግዳ ያይ ጀመር።

«የእኔን ውሰዱት» አሉ አጣቢዋ። «ስንት ቀን ቀረኝና።»

«ከዚያስ እማማ፣ ሳሙና ተንተርሰው ሊያድሩ?»

«አንተ ምን ልትሠራ ነው? ፍራሽ ትሰጠኛለሃ!»

አሁን ሳቁ። ኢንጂነሯ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«የማዕዘኑ ቤት ባለቤት አለው፤ እኔ ነኝ» አለች። «ለቅቄያለሁ።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድምሽስ?»

«መዝገቡ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው፣ ጋሼ።»

«ስም አልጠየቅኩሽም።»

ሌላ አገር ሄዶ መኖር የሚችል ሰው ቤት ሲሰጥ ምኑን ሰጠ? ይህን ሌላ ሰው ሳይላት ራሷ በልቧ አለችው። ወንድሟ ቢሰማ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ እንደሚሆን ታውቃለች፤ እውነትም አለው። ግን በኖራ የነጣውን እግር ብዛትም አይታለች፤ ሳፋውም ከብዷታል። ስለ ራሷ ደግነት እርግጠኛ አልነበረችም። ስለ ሥዕሉ ግን በሕይወቷ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

«እናትሽ ብትኖር እንቢ ነበር የምትለው» አሉ አጣቢዋ በዝግታ። «እንቢ ብላ ጓዳ ትገባለች። ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ወጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እሺ።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ማኅበሩ ሁለተኛ መሬት ባገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ቤት፣ ያለ ዕጣ፣ የዚህች ልጅ ቤተሰብ ይሆናል። የሚቃወም?» ዙሪያውን ቃኙ። «የለም። በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አሉና ራሳቸው ያዙት፤ እየጻፉ ሳሉ ግን አንዴም ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሥዕሉን በፍራሽ ሠሪው አልጋ ላይ ተንበርክካ አስተካከለች። እጇ ፈጣን ነበር። አንድ ግድግዳ ሲነሳ ሌላው ሁሉ የሚቀመጥበትን ያገኘ መሰለ፤ ከማዕዘኑ በላይ ያሉት ሁለት ቤቶች በምሰሶ ተደግፈው ፀሐይ ከሥራቸው በጎን ገባች፣ ደረጃው ወደ ጥላው ዞረ፣ የውኃው መስመር አጠረ፣ ኮሪደሩ ብርሃን ገባለት። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደዳት። አጣቢዋ አጠገቧ ቆመው እርሳሱን ሲከተሉ ቆዩና «ገመዷን ትንሽ ከፍ አድርጊያት፤ አንሶላ መሬት ይጠርጋል» አሏት። ከፍ አደረገችው።

ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ነበረበት። መሬት ቢሮ የደረሰችው ለመዝጊያው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሠራተኛ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ገጾቹን ገለጠ።

«ሠላሳ ስድስት አልነበራችሁም እንዴ? እዚህ ሠላሳ አምስት ነው።»

«አንዱ የሥራ ቦታ ሆነ።»

«የማን?»

«የሁሉም።»

ሠራተኛው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ማኅተሙን አነሳ፤ በአራቱም ቅጂ ላይ አሳረፈ። የመጨረሻው ትንሽ ደብዝዞ ስለወጣ ደገመላት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ረጅም ጻፈች፤ ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋ፣ ስለ መጋዘኑ ጥላ። አነበበችው፤ ለመሬት ቢሮ የተጻፈ ይመስላል። ሁሉንም አጥፍታ እንደገና ጀመረች።

«የእማዬን ቤት ለማኅበሩ ሥራ ቦታ ሰጠሁት። አልጠየቅኩህም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ግን ብታነሳውም፣ እንቢ ብትለኝም፣ እንደምሰጠው አውቅ ነበር። ሌላ መሬት ሲገኝ የመጀመሪያው ቤት የአንተ ነው። ለልጆቹ እኔው መጥቼ ልንገራቸው?»

ላከችው። አውቶቡሱ በሚደርስበት ሰዓት መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየ። መልስ ግን ያን ዕለትም፣ መሠረቱ በተቆፈረበት ሳምንትም፣ አጣቢዋ በአዲሱ ግቢ የመጀመሪያውን አንሶላ ባሰጡበት ጠዋትም አልመጣም።