መሐላ የሌለው አዎ

ፌንያ ከሩቅ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር የሚታያት አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ ሉሻ ፊቷን በፖሊስ መኪና የኋላ መስኮት ላይ ለጥፋ ስትሄድ። ያን ቀን ጠዋት ያለፈው ግንድ የጫነ መኪና ነበር። እሷ ግን እጇ ሊጡ ውስጥ እንደተነከረ ቆማ ቀረች።

ባሏ ዋስያ ልጄን ትምህርት ቤት አልሰድም ብሎ ከታሰረ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ከሩስያ ተሰደው በዚህ የካናዳ ሸለቆ የሰፈሩት እነ ፌንያ፣ ዱኾቦር የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ ንጉሥም ጳጳስም የላቸውም። እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ሰው በሰው ላይ አይሾምም ይላሉ። መሣሪያ አያነሱም፣ አይምሉም። መንግሥት ደግሞ ልጆቻችሁን አስተምሩ አላቸው። እምቢ ያሉትን ሰዎች ልጆች ፖሊስ እየወሰደ ከተራራው ማዶ በሽቦ አጥር በታጠረ አዳሪ ቤት ያኖራቸዋል። የጎረቤቷ የማላሻ ሁለት ልጆች እዚያ ናቸው፤ ማላሻ የምትስማቸው በሽቦው ቀዳዳ ነው። ፌንያ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

"አባባ፣ ብንልካትስ?" አለች አማቷን ኒኪፎርን። "ፊደል ብትቆጥር ምን ትሆናለች?"

"ፊደሉ ምን አደረገኝ?" አሉ ሽማግሌው፣ ማንኪያቸውን ሾርባው ላይ እንደያዙ። "ከፊደሉ ኋላ ባንዲራው አለ፣ ከባንዲራው ኋላ ጠመንጃው። አባቴ በሩስያ ጠመንጃውን እሳት ውስጥ ጨምሮ ጀርባው በጅራፍ የተላጠው የልጅ ልጁ ልጅ ሰልፍ እንድትወጣ ነው?"

"ክርስቶስ ሕፃናት ወደ እኔ ይምጡ አለ እንጂ ደብቋቸው አላለም።"

"ኧረ! ጳጳስ ሳንሾም ጳጳስ ወጣልን!" ብለው ሳቁ። ፌንያ አልሳቀችም። የሄሮድስ ወታደሮች ሲመጡ ማርያምም ልጇን ይዛ ሸሽታለች ብላ ልትመልስ አሰበችና ያ ለእሳቸው ክርክር እንደሚያደላ ገብቷት ተወችው።

ውሻው ጮኸ። ይኸኛው መኪና በሩ ላይ ቆመ።

ሉሻ ልምድ አላት። ጠረጴዛውን ገፋ አደረጉላት፤ ከሥሩ ያለውን ሳንቃ አንስታ ድንች የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ወረደች። "ሳል ቢመጣብሽ ሻሽሽን ንከሺ" አለቻት ፌንያ። "ምንም ብትሰሚ ድምፅ እንዳታሰሚ። ብጮህም፣ ባለቅስም።" ሳንቃው ሲገጠም አፈሩ ቢደረመስባትስ፣ አየር ቢያጥራትስ እያለች ጠረጴዛውን መልሳ አስጠጋች።

ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ከኋላቸው አስተርጓሚው ፔትያ መጣ፤ ከታችኛው መንደር ተወልዶ፣ ከዋስያ ጋር ወንዝ ሲዋኝ አድጎ፣ በኋላ ለፖሊስ ያደረ ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦው፣ ጨውና የውሃ ማሰሮው እንደ ዱኾቦር የጸሎት ወግ ተቀምጠዋል። ፔትያ እነሱን ሲያይ ምን እንደመጣበት እንጃ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ልጅ ሳለ እንደተማረው፦

"የከበረ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ለዚህ ሰላምታ ዱኾቦር ሁሉ መልስ አለው። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ፌንያም ከንፈሯን ነከሰች። ለፖሊስ ሰው የሚሰጥ መልስ የለም። ፔትያ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ያኔ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ፦

"ስሙ ታላቅ ነው፣ ክብሩም በምድር ሁሉ ነው" አለ።

ፌንያ በቁሟ ደረቀች። ሕፃኗ ዝም በይ ተብላለች፤ ነገር ግን መናገር ከጀመረች ወዲህ በየማታው ሽማግሌው ሲያስጠኗት "በእግዚአብሔር ስም የመጣን ሰው ሳትመልሺለት አትለፊ" ብለዋታል።

ወፍራሙ ፖሊስ ጠረጴዛውን በእግሩ ገፍቶ ሳንቃውን አነሣ።

ሉሻ አፈር ለብሳ ወጣች፣ የሁሉንም ፊት አይታ ማልቀስ ጀመረች። "እማዬ፣ ሰላም ሲሉ ነው እኮ የመለስኩት!"

"አንተ" አሉ ኒኪፎር ፔትያን፣ "ያንን የፖሊስ ካፖርት ማን አለበሰህ?"

"ብርዱ ነው አባባ።"

"የእግዚአብሔርን ስም ለወጥመድ!"

"ለወጥመድ አይደለም!" ፔትያ ድምፁ ተሰበረ። "ከአፌ አመለጠኝ። እርስዎ መልስ ቢሰጡኝ ኖሮ እሷ ባልመለሰች!"

ሽማግሌው ወደ ሉሻ እጃቸውን ዘረጉ።

ወፍራሙ ፖሊስ የሉሻን ክንድ ይዟል። ፔትያ ተረጎመ፤ እናትየዋ እጇን አንሥታ ሰኞ ልጅቷን ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት እንደምታመጣ ብትምል ልጅቷ ትቀራለች፤ ካልማለች አሁኑኑ ወደ መኪናው ትገባለች።

"አልምልም" አለች ፌንያ። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። "አትማሉ ተብለናል። ግን ታመጫታለሽ ወይ ካለኝ፣ አዎ። አዎ ካልኩ አዎ ነው። ከዚህ ሌላ ያለኝ ነገር የለም፣ ንገረው።"

ፔትያ ነገረው። ወፍራሙ ፖሊስ እጇን እስክታነሣ ጠበቀ፤ እጇ አልተነሣም። ሊጥ የደረቀበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ሁለቱ ፖሊሶች በቋንቋቸው ተነጋገሩ፣ ፔትያም መሐል ገብቶ ብዙ ለፈለፈ። በመጨረሻ የሉሻ ክንድ ተለቀቀ።

"ሰኞ" አላት ፔትያ። "ዋስ የሆንኩሽ እኔ ነኝ፤ ካልመጣሽ እኔም አልተርፍም።"

መኪናው ሲርቅ ሽማግሌው "ለማን ሰገድሽ?" አሏት።

"ለማንም። ሰው ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።"

እስከ ሰኞ አላናገሯትም። እሷም የዱኾቦሮቹ ጉባኤ ከመዝሙር ቢያስወጣኝስ፣ ዋስያ በእስር ቤት ሰምቶ ቢጠላኝስ፣ ልጅቷ ባንዲራ ለብሳ ብትመጣስ እያለች ሰነበተች። ሆኖም የሉሻን ጸጉር ጎነጎነች፣ ጎመን ያለበት ዳቦ ጠቀለለችላት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅቷ እጇን ይዛ አቆመቻት።

"እማዬ፣ አስተማሪዋ አድርጊ ያለችኝን ሁሉ ላድርግ?"

ፌንያ ሰንብታ ያሰበችው ሁሉ ከራሷ ጠፋ። "ሰው የሚጎዳ ከሆነ እምቢ በይ። ካልሆነ ስሚያት።"

"አንቺ ሰው የሚጎዳ ነገር አድርጊ ብትይኝስ?"

ይህን አላሰበችውም ነበር። ደወሉ ተደወለ፣ ልጆች እየተጋፉ አለፏቸው።

"እኔንም እምቢ በይኝ" አለች።

ሉሻ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። ፌንያ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹ እስኪለቀቁ ድረስ ከዚያ ለመነሣት አልደፈረችም።