ጋሞን ይዞ የሄደ

ማንኪያው ከንፈሩን ነክቶ ቆመ። ህብረት አፉን አልከፈተም። ፊቱን አላዞረም፣ አልተቆጣም፣ እንደ ልጅነቱ ማንኪያውን በእጁ አልመታም። ዓይኑን ከበሩ ፊት ለፊት ካለው መንገድ ላይ ሳይነቅል ተቀመጠ። የቡላው ገንፎ በማንኪያው ላይ እየቀዘቀዘ፣ ቅቤው እየረጋ ሄደ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ህብሬ። ለእኔ ስትል።»

ፈጠነች ይህን ስንት ጊዜ እንዳለችው ራሷም አታውቅም። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ጢሙ ወጥቷል፣ የግንባሩ ፀጉር መሳሳት ጀምሯል። አእምሮው ግን ከተወለደ ጀምሮ የልጅ አእምሮ ነው። አሁን ጉንጩ ጎድጉዶ፣ የአንገቱ አጥንት ከሹራቡ በላይ ወጥቶ ስታየው ሌላ ሰው ይመስላታል። የእናታቸው የወይዘሮ ዓመለወርቅ አርባ ከወጣ ወዲህ ከውሃ በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። ትናንት ቤት ድረስ መጥታ ያየችው የጤና ባለሙያ ክንዱን ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

«ነገ ካልበላ ሆስፒታል ይገባል» አለች። «በአፍንጫው በቱቦ እንመግበዋለን። ከታገለ ደግሞ እጁን ማሰር ግድ ነው።»

እጁን ማሰር። ህብረት ትንሽ ልጅ ሳለ ቤት ለቆ እየሄደ ሲያስቸግር ጎረቤቱ ሁሉ እናቱን «ከምሰሶ እሰሪው» ይላት ነበር። እሷም «ልጄ በግ አይደለም» ብላ የቡታጅራ ማዘያ ጨርቋን አጥብቃ በጀርባዋ አዝላው ገበያ ትወጣ ነበር፤ እግሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ድረስ አዘለችው። ያ ያልታሰረ እጅ ዛሬ ማታ ሊታሰር ነው።

ምን እንደነካው ፈጠነች ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ መስሏታል። ጋሞ ጠፍቷል።

ጋሞ የጨርቅ አንበሳ ነው። ህብረት ገና ዳዴ ሲል ሟቹ አባታቸው ከሳልባጅ ክምር ውስጥ መርጦ አመጣለት። ጋሞ በወላይትኛ አንበሳ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣችለት እናታቸው ናት። ጎፈሬው ከረገፈ ብዙ ዘመን ስለሆነው አንዱ በግ ይለዋል፣ አንዱ ጦጣ። የሰፈሩ ጎረምሶች «የወላይታ ልጅ ሆነህ ጋሞ ታዝላለህ? አርባ ምንጭ ልትሸኘው ነው?» እያሉ ሲስቁበት ህብረትም ቀልዱ ሳይገባው አብሯቸው ይስቃል። ሆዱ ሲቀደድ እናታቸው ከአሮጌ የዱንጉዛ ልብስ ቀይና ቢጫ መስመር ያለበት ቁራጭ ጣፈችበት፤ ጥጡ ሲያልቅ የእንሰት ቃጫ ጠቀጠቀችበት። ከመጀመሪያው አንበሳ የቀሩት አንድ ዓይንና ሁለት ጆሮዎች ብቻ ናቸው። ህብረት ያለ እሱ ተኝቶ አያውቅም።

«አሁንም አልበላም?» ጎረቤታቸው ሳምራ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ቡትቶ ብላችሁ ሁለታችሁም ልታልቁ ነው! አዲስ ግዢለት፤ የቻይና ድብ በየሱቁ ሞልቷል።»

«ገዝቼለት ነበር። ያውልሽ ወንበር ላይ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«ጨበጠውና ሰላም አለው። ከዚያ እንደ እንግዳ ወንበር ሰጠው።»

ሳምራ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ነጠላውን ከፊቷ ስታነሣ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«የእትዬን ልብስ ስንቋጥር እኮ አልጋው ላይ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያ አንበሳችሁ። ዓይኔ አይቶታል።»

ፈጠነች ማንኪያውን አስቀመጠች። በአርባው ዕለት የእናቷን ልብሶች በአንሶላ ቋጥረው ለነዳያን እንዲሰጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልከው ነበር። ጋሞ ከልብሱ ጋር ተቋጥሮ ሄዷል ማለት ነው። ነጠላዋን ከበሩ ኋላ ስታነሣ እዚያው የቆመው ሻንጣዋ እግሯን መታት። ራቅ ባለችው በሃላሌ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው፤ ፈቃዷ ካለቀ ሰንብቷል። በቀደም አለቃዋ ደውሎ ሲቆጣት «እመለሳለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ» ስትል ህብረት ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ሻንጣውን አይቶ ነበር። ያንን አሁን ልታስበው አልፈለገችም።

«ሳምራዬ፣ እስክመለስ አጠገቡ ሁኚልኝ።»

አባ ገብረማርያምን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከጥድ ሥር ነው። መስቀላቸውን አሳልመዋት ጥያቄዋን ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ።

«አንበሳ?» አሉ ግራ ተጋብተው።

«የጨርቅ ነው፣ አባ። በግ የሚመስል።»

«እኔ አላየሁም፣ ልጄ። ቋጠሮውን ወንድምሽ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ደጁ ላይ ለምትቀመጠው ለአሮጊቷ ለንግሥቲ ሰጣት። ደግ አደረጋችሁ፤ ለነፍሷ ይደርሳታል። ንግሥቲ ዛሬ ገበያ ወርዳለች።»

ገበያው በጭቃ ላቁጧል። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ዝናብ ገና አባርቶ ሸቀጥ የሚያነሣውና የሚዘረጋው ሰው ይገፋፋል። ፈጠነች አሮጊቷ ልብሱን ሸጣው ይሆናል ብላ የሳልባጅ ክምሮችን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች። ሹራብ፣ የልጅ ካልሲ፣ አንድ እጁ የጎደለ ካፖርት። የጨርቅ ጥንቸል አገኘች፤ ልቧ ዘሎ ተመልሶ ወደቀ።

«እህቴ፣ የጠፋብሽ ባል ከሆነ እዚህ የለም!» አለ ሻጩ ከክምሩ አናት ላይ። «ያለን ሱሪው ብቻ ነው!»

ዙሪያው ሳቀ። እሷ ግን እስከ ክርኗ ልብስ ውስጥ ገብታ ትፈልጋለች። ስልኳ ጮኸ፤ ሳምራ ነች። «ቀና ማለት አቅቶታል፣ ፈጤ። ግን ከበሩ አልነሣም ብሏል። ቶሎ በይ።»

ያን ጊዜ ነው እናቷን ያየቻት።

ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ላይ ትሄዳለች። ቡና ዓይነቱ ቀሚስ፣ ነጫጭ ነጠብጣቡ፣ ከኋላ በኩል ዘወትር ከፍ የሚለው ጠርዙ። የፈጠነች አእምሮ ቀሚሱን የለበሰው ማን እንደሆነ ከመለየቱ በፊት አፏ «እማዬ!» ብሎ ጮኸ።

ሴትዮዋ ዞር አለች። አንድ ዓይኗ ሞራ የለበሰ አሮጊት ነች። ከነጠላዋ ሥር፣ ከብብቷ፣ ሁለት የተላጡ ጆሮዎች ብቅ ብለዋል።

«ልብሱን ልትቀበዪኝ ነው?» አለች ንግሥቲ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«አይደለም፣ እማማ። ልብሱ የእርስዎ ነው። አንበሳውን ነው የምፈልገው።»

«አንበሳ ነው እንዴ? እኔ ውሻ መስሎኝ።» አሮጊቷ ጋሞን አጥብቃ ያዘችው። «አልሰጥሽም። አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«የዚያ ትልቁ ልጅ ነዋ። ቋጠሮውን ካስረከበኝ በኋላ ይሄን ከጉያው አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ‹ለእማዬ ስጪልኝ› አለኝ። ‹እናትህ የት ናት?› ብለው ‹አባ ይደርሳታል ብለዋል። ከዚያ ይዛው ትመጣለች› አለኝ። እኔ ምን ልበለው? እሺ አልኩት። ይኸው ይዤው እወጣለሁ፣ ይዤው እገባለሁ። የት ላድርሰው?»

ፈጠነች ጭቃው ላይ እንደቆመች የጉኑኖ ገበያ መንገድ በዓይኗ መጣ። ህብረት ማዘል የማይቻል ሲሆን እናታቸው ቤት ትታው መሄድ ጀመረች፤ እሱም ቀሚሷን ይዞ እያለቀሰ አልለቅም ይል ነበር። አንድ ቀን እናታቸው ጋሞን ተቀብላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው፤ መንገዱን እንዲያይ ጆሮዎቹን ወደ ውጭ አወጣችለት። «ጋሞን ይዞ የሄደ ሰው ይመለሳል» አለችው። ተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ እናቱ በወጣች ቁጥር ጋሞን ዘንቢሉ ውስጥ የሚከተው ራሱ ህብረት ነበር። ከዚያ በርጩማውን በር ላይ አውጥቶ መንገዱን እያየ ይጠብቃል። እስክትመጣም እህል አይቀምስም፤ «ከእማዬ ጋር ነው የምበላው» ይላል።

ስለዚህ ጋሞ አልጠፋበትም። ልኮት ነው። ልኮት፣ እናቱ ስትመጣ አብሯት ሊበላ እየጠበቀ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒት መስሏት ያሳደደችው ነገር በድንገት በእጇ ላይ የሚፈነዳ ነገር ሆነባት። ጋሞን ይዛ ብቻዋን ብትገባ ምን ትለዋለች? ሳትይዘው ብትገባ ደግሞ እስኪሞት ይጠብቃል።

«እኔን ውሰጂኝ» አለች ንግሥቲ ሁሉን ስትሰማ። «ቀሚሱ የእሷ ነው። እየመሸም ነው። ከሩቅ ቢያየኝ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ ቢውጥ...»

ኃጢአት እንደሆነ ፈጠነች ታውቃለች። ግን የታሰረ እጅ በዓይኗ ላይ አለ። የአሮጊቷን ክንድ ያዘች።

ባጃጁ ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ አወረዳቸው። ከዚያ ቤቱ ይታያል። ንግሥቲ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ጋሞን በእጇ ይዛ ወደፊት ሄደች። ከሩቅ፣ በርጩማው ላይ እንደ ጆንያ የተጣለው ሰው ቀና አለ። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። ሳምራ ልትይዘው ስትል እጇን አራቀ። ፊቱ ላይ የነበረውን ለማየት ሩቅ ነበር፤ ሁለቱን እጆቹን ግን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዘንቢል ሊቀበል እንደሚሮጥ ልጅ እያውለበለበ ነበር።

ንግሥቲ ቆመች።

«አልችልም፣ ልጄ» አለች። «በዕድሜዬ ሁሉ እንዲህ አድርጎ ለእኔ የተነሣ ሰው የለም። ይሄ የሌላ ሰው ነው። ልሰርቀው አልችልም።»

ጋሞን በፈጠነች ክንድ ላይ አድርጋ ዞረች። ነጠብጣቡ ቀሚስ ወደ መጣበት ታጠፈና ከዓይን ጠፋ። የህብረት እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

የቀረውን መንገድ ፈጠነች ብቻዋን ሄደች። ሳምራ የፊቷን ሁኔታ አይታ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቤቷ ገባች። ህብረት መጀመሪያ ጋሞን አየ፣ ቀጥሎ ከእህቱ ኋላ ያለውን ባዶ መንገድ፣ መጨረሻ ላይ እህቱን።

«እማዬስ?»

ከመታጠፊያው እስከ በሩ ድረስ ያዘጋጀቻቸው ውሸቶች ነበሩ፤ ነገ ትመጣለች፣ ጉኑኖ አድራለች፣ ዝናቡ ይዟታል። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«አትመጣም፣ ህብሬ። ጋሞን ይዞም የማይመለስ ሰው አለ።»

አላለቀሰም። ጋሞን ተቀበላትና የአንበሳውን አፍ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ድሮም አንበሳው ከገበያ ሲመለስ ወሬውን የሚሰማው እንደዚያ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ውስጥ ገባ።

ሊተኛ ነው አለች በልቧ። አለቀ። እሳቱን ቆስቁሳ ገንፎውን ማሞቅ ጀመረች፤ እጇ ሌላ የሚሠራው ስላልነበረው ነው። ከበሩ ኋላ የዚፕ ድምፅ ሰማች።

ህብረት ሻንጣዋን በሁለት እጁ መሬት ለመሬት እየጎተተ ወጣ። እግሯ አጠገብ አቆመው። ዚፑ እስከ ጫፉ አልተዘጋም፤ በቀረው ክፍተት ሁለት የተላጡ ጆሮዎች ወጥተው ወደ መንገዱ ዞረዋል። በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠ።

ፈጠነች ማንኪያውን ሞላች። ወደ አፉ አቀረበችው። እሱ ግን የሚያየው ማንኪያውን ሳይሆን እሷን ነበር።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አላት።

ከማንኪያው እንፋሎት እየወጣ ነው። ህብረት አፉን ገጥሞ መልሷን ይጠብቃል።