የማለዳው መድን ሻጭ

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የሕይወት መድን የሚሸጥ ወኪል ቢሮ የተከፈተ ሰሞን፣ ሳህሌ ከጣቢያው ዕቃ ክፍል ወጥቶ ሻጭ ሆነ። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የባቡር ነጂው አቶ ያደታ ልጃቸውን ጠጄን ቢሮ ለሚሠራ ሰው ካልሆነ አልድርም ብለዋል፤ ሳህሌ ደግሞ ከጠጄ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ጆንያ መሸከሙን ትቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የቢሮው ኃላፊ ገብረጻድቅ ሽያጭን ባሕር ማዶ ለጥቂት ወራት ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን በማለዳ ሂዱ፣ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ጥቁር ኮት ልበሱ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ ይላል። ከሁሉ በፊት ግን የቤቱን ባለቤት አስቀምጡ። እንግዲህ በዚህ አገር በማለዳ ጥቁር ለብሶ መጥቶ "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በሉ" የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። መርዶ ነው። ገብረጻድቅም ይኼ ጠፍቶት አይደለም፤ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ትምህርት ይሳሳታል ብሎ ማሰብ አይሆንለትም።

ከሳህሌ ጋር የተመደበው ቡልቻ ይባላል። ቡልቻ ሲስቅ እንኳ ያለቀሰ የሚመስል ፊት አለው። ሁለቱ መጀመሪያ የሄዱት ጨርቅ ፋብሪካ ወደሚሠሩት ወደ አቶ ኦላና ቤት ነው። የአቶ ኦላና ልጅ ዱሬሳ ሐረር ወታደር ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለሚቱ በሩን ከፍተው ጥቁሩን ኮት አዩ፤ ቀጥሎ የቡልቻን ፊት አዩ።

"ይቀመጡ፣ እትዬ" አለ ሳህሌ ዝግ ባለ ድምፅ።

ወይዘሮ አለሚቱ አልተቀመጡም። "ልጄን!" ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ሳህሌ ስለ መድን ለማስረዳት አፉን በከፈተ ቁጥር አንዱ እያቀፈ "አይዞህ፣ ላንተም ወንድምህ ነበር" ይለዋል። ነገሩ የተገለጠው የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ካስማ መምታት ከጀመሩ በኋላ ነው። አቶ ኦላና ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት "የታለ ወረቀቱ፣ አምጡ ልፈርም" አሉ። ካስማ ከሚመቱትም አንዳንዶቹ ፈረሙ።

ገብረጻድቅ ይኼን ሲሰማ እጁን አፋተገ። "ዘዴው ሠራ ማለት ነው" አለ። "በዚሁ ቀጥሉ።"

ቀጠሉ። በየቤቱ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ፊርማ ሆነ። ሳህሌ ግን እህል ከጉሮሮው አልወርድ አለው። በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች ያማትባሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አጠገቡ የቆመው ሁሉ ቀስ እያለ ይርቀዋል፤ ጠጅ ቤት ሲገባ ደግሞ "ዛሬስ የማንን ይዘህ መጣህ?" ይሉታል። ከሳቁ በታች ፍርሃት እንዳለ ያውቃል። አፈረ፤ በጣም አፈረ።

አንድ ቀን ጠጄ ቧንቧው ጋ ጠብቃ አገኘችው።

"አባዬ ቢሮ የሌለው ሰው አይፈልግም" አለችው። "እኔ ደግሞ የሰው እናት ሲያስለቅስ የሚውል ሰው አልፈልግም።"

"ሥራውን ብለቅ አባትሽ ሊከለክሉኝ፣ ባልለቅ አንቺ ልትከለክይኝ። እና ምን ይሻለኛል?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ" አለችና እንስራዋን አዝላ ሄደች።

በማግስቱ ገብረጻድቅ ጠራው። "ነገ የያደታ ቤት ነው" አለው። "የባቡር ነጂን የመሰለ ደንበኛ የለም። ሰውየው ወደ ድሬዳዋ ወጥቷል፤ ሚስትየዋ ካመነች ሲመለስ ይፈርማል። ሳትሸጥ ወደዚህ ቢሮ እንዳትመለስ።"

በነጋታው ማለዳ ሳህሌ መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሄደ። ቢሸጥ ወንበሩ ይተርፋል፤ ጠጄ ግን ፊቷን አታሳየውም። ባይሸጥ ወንበሩም ይሄዳል፣ አባትየውም በሩን ይዘጉበታል። ምንም ሳይወስን ደረሱና ቡልቻ አንኳኳ።

የጠጄ እናት ወይዘሮ ድንቅነሽ በሩን ከፈቱ። አልጮሁም። አንዴ ሳህሌን፣ አንዴ ቡልቻን አዩና ማንም ሳይላቸው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው አዘቀዘቁ። ጠጄ ከጓዳ ብቅ ብላ እናቷን ስታይ እዚያው በቆመችበት ቀረች።

"የት ጋ ነው?" አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። "አዋሽ ሳይደርስ ነው?"

ቡልቻ ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። ሳህሌ ግን የሴትየዋን ድምፅ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሲሰማው ቢሮውም ወንበሩም የለበሰው ኮትም አስጠሉት።

"እትዬ፣ ጋሽ ያደታ ደህና ናቸው። የሞተ ሰው የለም" አለ እየተንተባተበ። "እኔ... ሥራ ለቅቄ ነው። እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

"መቼ ለቀቅክ?" አለ ቡልቻ።

"አሁን።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ አተኩረው አዩት። "ለዚህ ነው በዚህ ሰዓት፣ ይኼን ለብሰህ፣ ይኼን ሰው አስከትለህ የመጣኸው?"

"አዎ፣ እትዬ። ጋሽ ያደታ ቢሮ የሌለው ሰው እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። ከተቀበሉኝ ወደ ዕቃ ክፍል ልመለስ ነው።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። እንባቸው የመጣው ያኔ ነው፤ ሳቃቸውም አብሮት መጣ። ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ቡልቻ ዞሩ። "አንተስ? ላንተ ደግሞ ማን ሞቶብህ ነው?"

"ፊቴ ነው፣ እትዬ" አለ ቡልቻ።

ሳህሌ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዞ ሊወጣ ሲል ወይዘሮ ድንቅነሽ ጠሩት። ጠጄ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ከንፈሯ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

"ያደታን ለእኔ ተወው" አሉት። "አንተ ሽማግሌዎችህን ላክ። ብቻ አደራህን ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ አብሮ እንዳይመጣ። እነሱም ከምሳ በኋላ ይምጡ።"