«ቤቶች!» የተባለው ግድግዳ

ጋሽ ባየ ግድግዳ ከመብሳታቸው በፊት «ቤቶች!» ይላሉ። ከደጅ የቆመ እንግዳ እንደሚጣራው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ግን ሳይጮኹ። ከዚያ ይጠብቃሉ። መልስ ከሌለ ይሠራሉ።

ይህን ልማዳቸውን ያወቅሁት ቢቸና በተመደብሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከከተማው ዳር፣ ከኮረብታ ሥር ያለ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ወደ መድኃኒት መጋዘን ይለወጥ ተብሎ ሥራውን የምቆጣጠረዋ ኢንጂነር እኔ ነበርሁ። የቀረው የብረት መደርደሪያዎቹን ከግድግዳ ጋር ማሰር ሲሆን፣ ለዚያ ከሞጣ የመጡት ባለሙያ ጋሽ ባየ ናቸው፤ ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ከድንጋይ አቧራ የተረፈ ደረቅ ሳል የማይለያቸው ሰው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይስሉ መናገር አይችሉም ነበር።

የጥንቃቄ መመሪያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የሚኖሩበት ግን እሳቸው ነበሩ። ፑንታውን፣ የመብሻውን ብረት፣ ሲቀይሩ አስቀድመው የድሪሉን ገመድ ከሶኬት ይነቅላሉ። የፑንታውን ጭራ በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ጥቂት ግራሶ ይቀቡትና «ቀጭ» እስኪል ይገፉታል። ከዚያ መልሰው ይስቡታል፤ እንቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። የጎን እጀታውን አጥብቀው ያስራሉ። «ፑንታው ብረት ላይ ከተቀረቀረ፣ ማሽኑ እሱን ማዞር ይተውና እርስዎን ነው የሚያዞረው» ብለውኛል በመጀመሪያው ቀን። ከፑንታው ጫፍ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ለክተው ቀይ ፕላስተር ይጠመጥማሉ፤ ፕላስተሩ ድንጋዩን ሲነካ መቆም ነው። መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የጆሮ መድፈኛ ያደርጋሉ። እግራቸውን ከፍተው ይቆማሉ። ማሽኑን በደረታቸው አይጫኑትም፤ መምታት የእሱ ድርሻ ነው፣ መያዝ የእሳቸው። ጣት ቢነሳም ማሽኑ እንዲዞር የሚያደርገውን ትንሽ ቁልፍ ከቶ አይነኩትም። ሲጨርሱ ገመዱን ነቅለው ድሪሉን በታጠፈ ጆንያ ላይ በቀስታ ያስቀምጡታል። ያንን ድምፅ ለመድሁት፤ ከባድ ነገር ተጠንቅቆ ሲያርፍ የሚሰማ፣ የታፈነ «ድፍ»።

በመመሪያዬ ውስጥ ያልነበረው «ቤቶች!» ብቻ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሲስተር አምሳለች በዚህ ነገር ሳትስቅ ውላ አታውቅም።

«ጋሽ ባየ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊጠይቁ ነው? ግድግዳው እኮ ምሳ አልሠራም።»

«ግድ የለም፤ በልቼ ነው የመጣሁ።»

«ኋላ ‹ይግቡ› ቢልዎትስ?»

ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ። «መልስ የመጣ ዕለት፣ እኅቴ፣ ሥራ የለም» አሉ፤ ሳሉና ወደ ድሪላቸው ተመለሱ።

የልማዱን ምክንያት የነገሩኝ ሞጣ ላይ ነው። ፑንታ አልቆብን ማክሰኞ ዕለት በሚኒባስ አብረን ሄድን። ገዝተን ስንጨርስ፣ ምንም ሳይሉ ከገበያው ጀርባ ወዳለ አንድ የጭቃ ቤት ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ፣ ቁጭ ያለ ሰው ትከሻ በሚደርስበት ከፍታ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ የሲሚንቶ ምልክት ነበር።

«እዚህ ነው» አሉ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የመብራት ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ብሳ ተባልሁ። ጀርባው ባዶ ክፍል ነው ብለውኛል። እኔ ግን ልቤ አላመነውም፤ ‹ቤቶች!› አልሁ።»

«መልስ ነበር?»

«‹ይግቡ› አለች።» ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። «ይርጋነሽ ትባላለች። ክፍሉን ተከራይታ የገባች በዚያው ጠዋት ነው። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ምስር ትለቅም ነበር። እንግዳ የመጣ መስሏታል። እኔ ደግሞ የቤቱ ሰው ‹ብሳ፣ ገመዱ ይግባ› ያለኝ መሰለኝ። ማሽኑ ሲነሳ ደንግጣ ትነሳ ነበር እንዳልል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ፑንታው እስክትደነግጥ አልቆየም፣ ጀርባዋን ወጋት። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።»

ጎንበስ ብዬ ምልክቱን አየሁት።

«ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ‹ይግቡ ብላለች፤ ቃሉ ከአፏ ወጥቷል› ብለው ከቤተሰቦቿ ጋር አስታረቁኝ። በቃሏ ዳንሁ ማለት ነው።» ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ከዚያ ወዲህ በተጣራሁ ቁጥር የምፈራው መልስ እንዳይመጣ አይደለም፣ ኢንጂነር። መልሱ መጥቶ ዳግመኛ የገባሁ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዋሽተውልኛል ማለት ነው።»

በማታው ሚኒባስ ወደ ቢቸና ተመለስን።

በማግሥቱ የቀረን የምዕራቡ ግድግዳ ብቻ ነበር። ቤቱን የሠሩት ሰዎች የኮረብታውን ቁልቁለት ቆርጠው ይህን ግድግዳ ከአፈሩ ጋር አጣብቀው ገንብተውታል፤ ከወዲያ በኩል ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም። ከመብሳት በፊት በሚሞላው ቅጽ ላይ «ከግድግዳው ጀርባ ያለው» በሚለው መስመር «አፈር» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም። ዞሬ አላየሁም ነበር። ፕላኑ አፈር ይላል።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ቦታ በእርሳስ በመስቀል ምልክት ለየሁ። ጋሽ ባየ ድሪሉን አዘጋጅተው ቆሙ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ።»

የሴት ድምፅ ነበር። ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ሥራ የያዘ ሰው ቀና ሳይል እንደሚመልሰው፣ ቅርብና የተረጋጋ። ከድንጋዩ ውስጥ ነው የመጣው።

በሩጫ ወጣሁ። ሲስተር አምሳለች ከግቢው ፀሐይ ላይ ቆማ ካርቶን ታስቆጥራለች።

«አሁን የተናገርሽው አንቺ ነሽ?»

«ምኑን? ምነው ፊትሽ ዐመድ መሰለ?»

መልስ ሳልሰጣት ኮረብታውን ወጣሁ። ሣር፣ ጥቂት እሾህ፣ የደረቀ የፍየል በጠጥ። መሬቱን በእግሬ ደበደብሁት፤ ደንደን ያለ አፈር ነው። ስመለስ ድሪሉ ገመዱ ተነቅሎ በጆንያው ላይ ተኝቷል።

«አፈር ነው፣ ጋሽ ባየ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጆሮዎስ?»

«ጆሮ ይሳሳታል።»

«ዓይንዎ አፈር አየ፤ ጆሮዎ ሰው ሰማ። በየትኛው አምነው ነው ፑንታ የሚያስገቡ?»

በማግሥቱ የርክክብ ቀን ነበር፤ ቅጹም ላይ ስሜ ሰፍሯል። የፈረምሁበት ቃል ውሸት ሊሆን እንደሚችል መቀበል ድሪሉን ከማንሳት ከበደኝ። መነጽሩን አደረግሁ። ገመዱን ሰካሁ። የጎን እጀታውን በግራዬ፣ ማስነሻውን በቀኜ ይዤ፣ እንዳስተማሩኝ እግሬን ከፈትሁ። ሁሉም በደንቡ ነበር፤ አንድም የተጓደለ ነገር አልነበረም።

ጋሽ ባየ በእኔና በግድግዳው መካከል አልፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ጀርባቸውን በእርሳስ ምልክቱ ላይ አስደገፉ።

«ከወዲህስ ሰው አለ» አሉ። «መመሪያዎ ምን ይላል?»

«ጋሽ ባየ፣ እባክዎ ይነሱ።»

«አልነሳም።»

በዚህ መካከል ድምፁ ከጀርባቸው ተመልሶ መጣ። እንግዳ ደጅ ላይ ሲያመነታ እንደሚባለው፣ በትንሽ ወቀሳ፦

«ይግቡ እንጂ!»

ጋሽ ባየ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልገባም፣ እናቴ» አሉ። «ብትዪኝም አልገባም።»

ጠበቅን። ሌላ ቃል አልመጣም። ጣቴን ከማስነሻው ላይ አነሳሁ፤ ገመዱን ነቅዬ ድሪሉን በጆንያው ላይ አስቀመጥሁት። የምዕራቡ መደርደሪያ በግራና በቀኝ ካሉት ግድግዳዎች ጋር በብረት እንዲያያዝ አዘዝሁ። ጋሽ ባየ ያን ሁሉ ቀዳዳ እስከ ማታ በስተው ጨረሱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ተጣርተው፣ በእያንዳንዱ ላይ ጠብቀው። ማንም አልመለሰላቸውም። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ የቀረው የእርሳስ ምልክቱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሊሳፈሩ ሲሉ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋቸው። ፊታቸው ከወትሮው ቀለል ብሎ ታየኝ። በሚኒባሱ መስኮት ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ። ምናልባት አንድ ቀን ከግድግዳ በኩል ‹ቤቶች› ቢሉዎ፣ ‹ይግቡ› አይበሉ።»

«ምን ልበል?»

«‹ሰው አለ› ይበሉ። ይርጋነሽ እንዲያ ብላ ቢሆን ኖሮ…» ሳል ያዛቸው። ሚኒባሱም ሄደ።

ርክክቡ ከሰዓት በኋላ ተጠናቀቀ። ሲስተር አምሳለች ቁልፉን ተረክባ ለርክክቡ የመጡትን እንግዶች ለመሸኘት ወጣች። እኔ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ቅጹ። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስላልነበረው መጋዘኑ ውስጥ ድንግዝግዝ ብሏል፤ የመስኮቱ ብርሃን የሚደርሰው በመደርደሪያዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ምዕራቡ ግድግዳ ሥር ብቻ ነው። አንድ ካርቶን ሳብሁና እዚያው ተቀመጥሁ። ቅጹን በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «አፈር» የሚለውን ቃል ሰረዝሁት። በምትኩ የሚጻፈውን ቃል ስፈልግ ደክሞኝ ነበርና ወደ ኋላ ግድግዳውን ተደገፍሁ።

ድንጋዩ ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት፤ ለብ ያለ ነበር፤ ልክ ሌላ ሰው በወዲያኛው በኩል እጁን እንዳሳረፈበት።

ከቀኝ ትከሻዬ በታች አንዳች ነገር ድንጋዩን ጫር፣ ጫር አደረገ። ያን ድምፅም አውቀዋለሁ። ፑንታ ቦታውን ሲይዝ፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የሚያሰማው ነው።

«ቤቶች!»

የጋሽ ባየ ድምፅ ነበር። ግን ሳል ያልነካው፣ ጎልማሳ፣ አቧራ ገና ያልገባበት የጋሽ ባየ ድምፅ።

እናቴ ቤት ያደገ አፍ ለዚህ ጥሪ የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። ሳላስብ «ይ…» የሚለው ድምፅ ከጥርሴ መካከል ወጣ። የቀረውን በእጄ አፈንሁት። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ መልስ እየጠበቀ ነበር። ካልመለስሁ ይሠራል።

እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁ።

«ሰው አለ» አልሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። «ሰው አለ!»

ጫር ጫሩ ቆመ። ከዚያም ከግድግዳው ጀርባ፣ አፈር ብቻ ካለበት፣ ከባድ ነገር በጆንያ ላይ በቀስታ ሲቀመጥ ሰማሁ።