ከግድግዳው ጋር የተቸነከረ አልጋ

«ጠያቂ አያሳጣህ» ብሎ የመረቀኝ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ምርቃቱን እመልስለት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን ጠያቂ አጥቼ አላውቅም። በተለይ አሁን፣ ጥምቀት አልፎ እህሉ ጎተራ ከገባ ወዲህ፣ የአገሩ ሰው ሥራ ፈትቶ ውሎው እኔ ዘንድ ሆኗል። በሬ ሊሸጥ ከእብናት ደብረ ታቦር የወጣ ነጋዴ እንኳ «እግረ መንገዴን» እያለ ይገባል፤ ገብቶም ቶሎ አይወጣም።

እሸቴ እባላለሁ። አናጢ ነኝ። «ነበርክ» የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን አልልም። ባለፈው ሰኔ መግቢያ ክረምቱ ሳይጠና ብለን የደብራችንን ቆርቆሮ ስንቀይር ከጣሪያው ወደቅሁ፤ ሕብለ ሰረሰሬ ተጎዳ። ከእምብርቴ በታች ያለው ሰውነቴ የእኔ መሆኑን የማውቀው በዓይኔ ሳየው ብቻ ነው። የታቦት ሥራ ላይ የወደቀን ሰው መጠየቅ ጽድቅ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ ቤቴ የተሳላሚ ቦታ ሆኖ ቀረ።

ከሆስፒታል ስወጣ አንዲት ነርስ ወረቀት ላይ አራት ሰው ስላ ሰጠችን። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በግራ ጎኑ፣ አንዱ በቀኝ ጎኑ፣ አንዱ በደረቱ የተኛ። «በየሁለት ሰዓቱ ተገላበጥ» አለችኝ። «የማይሰማህ ሥጋ ሲጨነቅ አይነግርህም፤ ዝም ብሎ ይበሰብሳል።» በጉልበቶቼ መካከል ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ከባቴ ሥር ትራስ፣ ከጀርባዬም ደገፍ የሚያደርግ ትራስ ያስፈልጋል አለች። ቤታችን የነበረው ሁለት ነው። የቀረውን ሚስቴ ትርንጎ ከአሮጌ ካፖርትና ከጤፍ ጭድ ሠራችው። ጭዱ ይወጋል ትላለች። እኔ ምን አውቃለሁ!

መተኛት ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲደክመው ይጋደማል፣ አለቀ። አሁን በጀርባዬ ስተኛ እግሮቼ በራሳቸው ይንዘፈዘፋሉ፤ በጎኔ ስተኛ የሚሰማኝ ትከሻዬ የማይሰማኝን ወገቤን ሁሉ ተሸክሞ ይደነዝዛል፤ ትራሱ አንድ ጣት ከተንሸራተተ ተመልሰን ከመጀመሪያው ነው። ትርንጎ ትገፋለች፣ እኔ በክንዴ እስባለሁ፣ እንሰዳደባለን፣ እንደገና እንጀምራለን። ይህንንም ሁሉ ችለነው ነበር። ያልቻልነው አልጋውን ነው።

አልጋውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስንፍናውም የእኔ ነው። ስንጋባ ቸኩዬ ስለነበር በአራት እግር ፈንታ ሁለት ብቻ አውጥቼ፣ ግራ ጎኑን ከግድግዳው ማገር ጋር በሚስማር ቸነከርኩት። አሥራ አንድ ዓመት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እንግዲህ በግራ ጎኔ ስተኛ አፍንጫዬ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ጀርባዬ ለቤቱ ይሆናል። በእኛ አገር ደግሞ ለእንግዳ ጀርባ ከመስጠት መሳደብ ይሻላል፤ የሰደበ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። አባቴ ቄስ አስረስ ከታላላቅ ሰዎች ፊት ስወጣ የኋሊት እየተራመድኩ እንድወጣ አድርገው ነው ያሳደጉኝ።

ስለዚህ በግራ ጎኔ ተመቻችቼ፣ ትራሱ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ዓይኔ ሊከደን ሲል ደጅ ላይ «ቤቶች!» ይባላል። ትርንጎ «እሸቴ፣ ሰው መጣ!» ብላ ትሮጥና በጀርባዬ ትዘረጋኛለች። የሁለት ሰዓቱ ነገር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያበቃል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ጋዜጣ ስለ ስንዴ ዋግ የተጻፈ ነገር አለ፤ ስምንት ወር ሙሉ «ገበሬው ማድረግ የሚገባው» ከሚለው አልፌ አላውቅም።

በየሳምንቱ ከጤና ጣቢያው የምትመጣው ሲስተር እመቤት «ራስጌና ግርጌውን ብትለዋውጡትስ?» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነበር። አባቴ ግን «እግሩን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ የሚተኛ ሬሳ ነው። ልጄ በሕይወት አለ» አሉና ነገሩ በዚሁ ቀረ።

በደረቴም ሞክሬያለሁ። እትዬ እቴነሽ የሚባሉ ጎረቤታችን ወተት ይዘው ሲገቡ ፊቴ ትራስ ውስጥ ተቀብሮ አዩና «ዋይ! ዋይ! ልጄን!» ብለው ወተቱን ደፉት። ትርንጎ ከጓዳ እስክትወጣ ደጅ ላይ ሁለት ሴቶች ደረታቸውን ይደቁ ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ «አልሞትኩም!» ብል ማን ይስማኝ። በደረት መተኛት ያን ዕለት አበቃ።

በቀኝ ጎኔ፣ ፊቴን ለእንግዳ አድርጌ ስተኛ ደግሞ አንድ ቀን እግሬ በራሱ ተራገጠ። ይህን ነርሷ ነግራናለች፤ ጅማቱ ይኮማተራል እንጂ መዳን አይደለም። እትዬ እቴነሽ ግን እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሁሉ «እስቲ አንዴ አራግጠው» ይለኝ ጀመር። አያ ማሬ፣ የማሳ ጎረቤቴ፣ ጨርሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እግሬ ላይ ተቀምጠው ስለ በሬ ዋጋ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። እኔ አልተሰማኝ፣ እሳቸው አልታያቸው። ሲነሱ ትርንጎ የእግሬን ጣቶች አይታ አለቀሰች።

በዚህ መካከል ከመቀመጫዬ በላይ፣ አጥንቱ ላይ፣ ቁስል ወጣ። ሲስተር እመቤት በክብሪት እንጨት ትለካዋለች። መጀመሪያ የክብሪቱን ጭንቅላት ያህል ነበር። የገና በዓል ሲደርስ ግማሽ እንጨት ሆነ። ባለፈው ሳምንት እንጨቱን አስገብታ አወጣችው፤ እጇን ታጥባ ስትጨርስ ነው የነገረችኝ።

«ሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ። በግራ ጎንህና በደረትህ ብቻ። ቀኝ ዳሌህም መቅላት ጀምሯል። ካልሆነ አጥንቱ ጋ ይደርሳል፤ አጥንቱ ጋ ከደረሰ እኔ የማደርገው የለም።»

«ወንበሩስ?» አልኳት።

ወንበሩን ሁላችንም አየነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠኝ ባለ ጎማ ወንበር ነው፤ ከእነ ፕላስቲኩ ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ማታ ማታ ዶሮዎቹ ይሰፍሩበታል። አንድም ቀን አልተቀመጥኩበትም። ቁስሉ ሳይዘጋ ከተቀመጥኩ መቀመጫዬ ይከፈታል። እኔ ደግሞ በልቤ ሁሉንም ጨርሻለሁ፤ ጠረጴዛውን በወንበሩ ልክ ዝቅ አድርጌ ደጁ ላይ እተክላለሁ፣ በርጩማና መስኮት እሠራለሁ። መላጊያ የሚገፋው እጅ ነው፣ እግር አይደለም። አንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ደህና ሆኖ መተኛት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሱንም ጠያቂዎቼ ከለከሉኝ።

«ሁለት ሳምንት» አልኳት ትርንጎን። «ማንም ይምጣ፣ ተኝቷል በያቸው።»

አለቻቸው። «ተኝቷል» ስትላቸው «እሰይ፣ እንቅልፍ ከወሰደውማ ጥሩ ነው» ይሉና እስክነቃ ሊጠብቁኝ ይቀመጣሉ! እኔ ፊቴን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ለማስታወስ እታገላለሁ። የተኛ ሰው ፊት ደግሞ የማይወራ የለም። «ትርንጎ ገና ልጅ ናት» አሉ አንዲት ሴትዮ። «ምን ይደረግ» አሉ አያ ማሬ። ተነሥቼ ከቤቴ ባስወጣቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ተነሥቼ የሚለው ቃል ራሱ ተሳለቀብኝ። ስድስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሰባተኛው ቀን አባቴ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ለእሳቸው ተኝቷል አይባልም፤ ተኝቶ ከሆነም ይቀሰቀሳል።

«እንደምን ዋላችሁ» ሲሉ ትርንጎ በልማድ ልትገለብጠኝ ሮጠች።

«ተይኝ» አልኳት።

«እሸቴ?» አሉ አባቴ።

«አለሁ፣ አባቴ።»

«ፊትህስ?»

«ወደ ግድግዳው ነው።»

መቋሚያቸው መሬቱን አንዴ መታው። «እኔን፣ አባትህን? ሠላሳ ስምንት ዓመት ያሳደግሁህ ለአባትህ ጀርባህን ስጥ ብዬ ነው? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ሰውማ ያለውን ብሎ ጨርሷል! ስምንት ወር ሙሉ እየመጣችሁ ፊቴን አይታችሁ ‹ፊትህ በርቷል› ትሉኛላችሁ። ፊቴ መቼ ታመመ? ፊቴማ ደህና ነው! ትርንጎ፣ ግለጪው!»

«ኧረ እሸቴ፣ አይሆንም…»

«ግለጪው አልኩሽ!»

ጋቢውን ስትገልጥ አልተሰማኝም። ፋሻውን ስታነሣም አልተሰማኝም። ሽታው ግን እኔም ዘንድ ደረሰ። አባቴ ስንት በሽተኛ ናዝዘዋል፣ ስንት ሬሳ ፈትተዋል፤ በቀላሉ የሚደነግጡ ሰው አይደሉም። መቋሚያቸውን ከግድግዳው ሲያስደግፉ ሰማሁ። አፈርኩ። የተናገርኩትን መልሼ ልውጠው ፈለግሁ።

«ይህ ሁሉ እዚህ እያለ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «እኛ ተፊትህ ተቀምጠን ወሬ ስንሰልቅ የከረምን?»

ከዚያ እርምጃቸውን ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ ማጠፊያ ሲጮህ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የዕቃ ሣጥኔ ነው። ከወደቅሁ ጀምሮ ማንም ከፍቶት አያውቅም።

«ሚስማር የሚነቀለው በየትኛው ነው?»

«በባለ ጥፍሩ መዶሻ። ምን ሊያደርጉ ነው?»

ትርንጎን ሙቀጫና የእንጨት ጉቶ አስመጥተው እግር በሌለው በኩል ከአልጋው ሥር ሸጎጡ፤ ቆባቸውን ጥለው በእግሬ በኩል አልጋው ላይ ወጡና ሚስማሩን ያዙት። በዕድሜያቸው መዶሻ ጨብጠው የማያውቁ ሰው! የአናጢ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«እንደሱ አይደለም፣ አባቴ! ከመዶሻው ሥር እንጨት ያስገቡበት! ማገሩን ሊሰብሩት ነው!»

«ዝም በል። ስንት ነው የመታህበት?»

«ስድስት።»

«ለአንድ አልጋ?»

«ቸኩዬ ነበር።»

ስድስቱም እየጮኹ ወጡ። ስድስተኛው ሲነቀል አያ ማሬ በር ላይ ደርሰው «ቤቶች!» አሉ። አባቴ «ማሬ፣ ና ያዝ!» ብለው ሰላምታ ሳያስጨርሷቸው ወደ ሥራ አስገቧቸው። ሦስት ሆነው እኔን ከእነ ትራሴ ተሸክሞ የነበረውን አልጋ አንሥተው ከግድግዳው ክንድ ተኩል ያህል አራቁት። ሙቀጫው ተወላገደ፣ ትርንጎ ጮኸች፣ አስተካከሉት። አንዱ ትራስ ወደቀ። አባቴ አንሥተው «የት ነው ይህ?» አሉ።

«በጉልበቶቼ መካከል።»

ራሳቸው ጉልበቴን ቀና አድርገው አስገቡት። ከዚያ በርጩማ ይዘው በአልጋውና በግድግዳው መካከል ገቡ። ቦታው ለሽማግሌ የሚሆን አልነበረም፤ ጉልበታቸው ደረታቸውን ነካ፣ ጀርባቸው የስንዴውን ዋግ ጋዜጣ ሸፈነው። ፊታቸው ከፊቴ አንድ ስንዝር ሆነ። ጺማቸው ላይ የማገሩ ጭቃ ተበትኗል።

«በዚህ ጎን ስንት ትቆያለህ?»

«ሁለት ሰዓት። እርስዎ ግን ይደክምዎታል…»

«ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቆሜ የማድር ሰው ነኝ። ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይገድለኝም።»

ከኋላዬ አያ ማሬ ግራ ገብቷቸው ሲንጎራደዱ እሰማለሁ። በዚያኛው በኩል ለሁለተኛ ሰው ቦታ የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ትርንጎ «እዚያ አይሆንም!» ብላ አስነሣቻቸው።

«እንግዲህ እኔስ ወዴት ልሁን?» አሉ አያ ማሬ ቅር ብሏቸው። «ፊቱን ሳላይ እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቀው?»

አባቴ ከጥጋቸው ቀና ብለው በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩዋቸው።

«የታመመው ጀርባው ነው» አሉ። «ጀርባውን ጠይቀው።»

ጋቢው ገና እንደተገለጠ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስኩ፤ ሸፍኚኝ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። አያ ማሬ በርጩማ መሬት ላይ ሲጎትቱ ሰማሁ። ሲቀመጡም ሰማሁ። ስለ በሬ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«እሸቴ» አሉኝ ቆይተው፣ ስምንት ወር ሙሉ ባልሰማሁት ድምፅ፣ «እግዜር ይማርህ።»

ፊቴን ሳላዞር «አሜን» አልኩ።